እማማ ውዳላትን ማን ያጥባቸዋል?

ለእታለም ብርቱካን፣ የእስራኤል አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። እናታችን ደብዳቤ ስታስጽፈኝ በዚህ ትጀምር ነበር። ማክሰኞ እንደቀበርናት በስልክ ሰምተሻል።

እሷ ደብረ ታቦር ላይ ያቋቋመችው የቤተ እስራኤል ሴቶች ማኅበር አራስ ይጠይቅ፣ ሟች ያጥብ ነበር። ሌሎቹ አባላት ሁሉ ወደ እስራኤል ስለሄዱ፣ እማማ ውዳላት ብቻቸውን አጠቧት። ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጣልና፣ ጓሮ ካለው ጎጆ ናቸው። ድሮ ምግብ የሚያደርሰው ማኅበሩ ነበር፤ አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ አደርሳለሁ።

ትናንት በእጃቸው ልሰጣቸው ብል፣ “አትጠጋ፤ ነክተኸኝ አንተም ተለይተህ ከትምህርት ልትቀር ነው?” አሉኝ። ምግቡን ደጃፉ ላይ ሳስቀምጥ፣ “እኔንስ ማን ያጥበኛል?” አሉኝ።

እዚያ እስራኤል ያሉትን የማኅበሩን እናቶች ጠይቂልኝ፤ ሴት ከታጣ፣ ወንድ ልጅ ማጠብ ይፈቀድለት ይሆን?

ዕድሜ ይስጥሽ።

ወንድምሽ ሲሳይ