ለአባታቸው ሞተር ያስነሱት የወይዘሮ አልታየሽ ተክለአብ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አልታየሽ ከአባታቸው ከሻምበል ባሻ ተክለአብ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልፍነሽ በዳኔ ጥቅምት 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአየር ኃይል የሞተር ቴክኒሺያን ስለነበሩ ቤታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አይርቅም ነበር። ልጅቱን ከእሹሩሩ ይልቅ የአውሮፕላን ጩኸት ቶሎ ያስተኛት እንደነበር እናታቸው በሕይወት ሳሉ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ደብረ ዘይት ተከታተሉ። ቀጥሎም አዲስ አበባ ተግባረ እድ ገብተው በንድፍ ሥራ ተመረቁ። በ1976 ዓ.ም. ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ለንደን መጡ፤ የአገር ቤቱ ነገር እየከፋ ሲሄድም ጥገኝነት ጠይቀው እዚሁ ቀሩ። ቀን ቀን ሆቴል አልጋ እያነጠፉ፣ ማታ ብሪክስተን እየተማሩ በኮምፒውተር የንድፍ ሥራ ዲፕሎማቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ክሮይደን በሚገኝ አንድ የኩሽና ዕቃ ድርጅት ተቀጥረው እስኪታመሙ ድረስ የቁም ሳጥን ንድፍ ሲያወጡ ኖረዋል።

በ1981 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ አሸናፊ ገብረሃና ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ወጣት እድላዊትንና ወጣት ማኑሄን አፍርተዋል። ጠማማ ነገር አይወዱም ነበር። አቶ አሸናፊ በሰርጋቸው ማግስት ጠዋት ሲነሱ ሙሽሪት ጠመንጃ መፍቻ ይዘው የተንጋደደውን የቁም ሳጥን በር ሲያቃኑ ነው ያገኟቸው። የጥንት ተዋጊ አውሮፕላኖችን በኮምፒውተር የሚያበሩበት ፕሮግራም ከልጆቻቸው እጅ የወሰዱትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። ሞተሩ በትክክል አልተሠራም ብለው ተናደዱና ራሳቸው ሊሠሩት ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ለንደን ያሉ የዚሁ ሥራ ወዳጆች በማኅበር ሲሰባሰቡ፣ የሞተርና የፕሮፔለሩ ነገር ለወይዘሮ አልታየሽ የተተወ ሆነ። ምስሉን ማሳመር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፔለሩ አየሩን በምን ያህል ማዕዘን እንደሚቀዝፍ፣ ሞተሩ በብርድ ሲነሳ እንዴት እንደሚያስቸግር፣ ሲግል ምን እንደሚሆን ሁሉ ተሰልቶ መግባት አለበት።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ ሻምበል ባሻ በግላኮማ ዓይናቸውን አጥተው ብቻቸውን ቀሩ። ከምርጫ 97 ወዲህ አገሩ ገና ስጋቱ አልለቀቀውም ነበርና ወይዘሮ አልታየሽ እንቅልፍ አጡ። ቪዛ አፕላይ አድርገው፣ ክሮይደን ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ተመላልሰው፣ በ2000 ዓ.ም. አባታቸውን ባተርሲ ወዳለው ቤታቸው አመጧቸው። አባት ግን መጥተው ከቤት ማሞቂያው ራዲያተር አጠገብ ተቀምጠው ዝም አሉ። ይብሉ ሲባሉ ይበላሉ፤ ይተኙ ሲባሉ ይተኛሉ። ወይዘሮ አልታየሽ “አባቴን አምጥቼ በቁማቸው ቀበርኳቸው” እያሉ ለባለቤታቸው ያለቅሱ ነበር።

ያኔ ነው አባታቸው በወጣትነታቸው ይጠግኑት የነበረውን ፋየርፍላይ የተባለ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን በኮምፒውተር ለመሥራት የተነሱት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ከመንገዱ እየወጣ ቢያስቸግራቸው “ወደ ግራ ጎተተኝ እኮ!” ብለው ተማረሩ።

“ምንድን ነው እሱ?” አሉ ሻምበል ባሻ ከራዲያተሩ አጠገብ።

“ፋየርፍላይ ነው፣ አባባ።”

“ፋየርፍላይ ከሆነማ ወደ ቀኝ ነው የሚጎትተው። ፕሮፔለሩን ገልብጠሽዋል።”

እውነትም ገልብጠውት ነበር። ሻምበል ባሻ ለንደን ከገቡ ወዲህ ሳይጠየቁ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ አልታየሽ ከሥራ ሲመለሱ ወንበራቸውን አባታቸው አጠገብ አድርገው ሞተሩን ያስነሳሉ። አባት ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጡና “ገና ነው” ይላሉ። ምኑ እንደጎደለ ሲጠየቁ ደብረ ዘይትን ማውራት ይጀምራሉ፤ ሞተሩን በሚያስነሳው የባሩድ ጥይት ቅንድቡ የነደደው ጓደኛቸው፣ ዘይት የለመደው የወይዘሮ ኤልፍነሽ ነጠላ፣ ወሬው ማለቂያ የለውም። እራት ይቀዘቅዛል። ጓደኞቻቸው ከየአየር ትርዒቱ የተቀዳ እውነተኛ የሞተር ድምፅ አመጡላቸው፤ ሻምበል ባሻ ግን ያው “ገና ነው” አሉ። ወይዘሮ አልታየሽም አንዳንዴ ይከፋቸው ነበር፤ ከአባታቸው አፍ “ሆነ” የሚለውን ቃል ለመስማት እንደ ልጅ ይጓጉ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የእናታቸውን ሰባተኛ ሙት ዓመት ለማውጣት ደብረ ዘይት ሄደው በቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አውሮፕላን ሲያልፍ የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ነገሩ ወዲያው ገባቸው። አባታቸው ያንን ሞተር በወጣትነታቸው የሰሙት ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆነው ነው። ለንደን ሲመለሱ የቆርቆሮውን መንቀጥቀጥ ከሞተሩ ድምፅ ጋር አዋሃዱት። የማኅበሩ ሰዎች ሞተር ቆርቆሮ የለውም ብለው ተከራከሩ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለሕዝብ የወጣው ያለ ቆርቆሮ ሆነ፣ የአባታቸው ባለ ቆርቆሮ።

ባለ ቆርቆሮው መጀመሪያ በተነሳበት ምሽት ሻምበል ባሻ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ሞተሩ እስኪጠፋ አልተነቃነቁም። ፊታቸው በእንባ ራሰ። መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሱና “ገና ነው” አሉ።

“እሺ፣ አባባ” ብለው ወይዘሮ አልታየሽ ወደ ኩሽና ገቡ። አቶ አሸናፊ ተናደው “ሽማግሌው ምን ቀረው ነው የሚሉት?” ቢሏቸው፣ “ምንም አልቀረም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሆነ ካሉኝ ነገ ማታ ምን ብዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ?” አሏቸው። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት ሌሎችም ሞተሮች ሠርተዋል፣ በሰንበቴ ማኅበራቸው አገልግለዋል፣ የብዙዎቻችንን ኩሽና ያለ ክፍያ ነድፈዋል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የቆሽት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ሕክምናቸውን በትዕግሥት ተከታተሉ፤ ሕመሙ ግን ከአቅም በላይ ሆነ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እድላዊት ላፕቶፑን፣ አቶ አሸናፊ ደግሞ አማታቸውን ይዘው ሄዱ። ሞተሩ ተነሳ። ሻምበል ባሻ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ እስከ መጨረሻው አዳመጡና “ሆኗል፣ ልጄ። ድሮም ሆኖ ነበር” አሏቸው።

ወይዘሮ አልታየሽ ፈገግ ብለው “አይ አባባ፣ ገና ነው። ነገ ይምጡና ደግሞ እንሰማዋለን” አሉ።

በማግስቱም ሄዱ፤ አብረውም ሰሙት። ወይዘሮ አልታየሽ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው ከብቧቸው እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወይዘሮ አልታየሽ ባለቤታቸውን አቶ አሸናፊን፣ ልጆቻቸውን እድላዊትንና ማኑሄን፣ ከአገር ውጭ የሚኖሩትን ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ወርቅዬን፣ እንዲሁም የ86 ዓመት አዛውንት አባታቸውን ሻምበል ባሻ ተክለአብን ትተው ሄደዋል። የወደዱትን ሰው ብቻውን መተው የማያውቁትን ነፍስ ቸሩ አምላክ ከወዳጆቹ ከቅዱሳን አጠገብ ያስቀምጥልን። ማታ ማታ አጠገባቸው ባዶ ወንበር ለሚጠብቃቸው አባትም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።