የሁለቱ ኬኔ ያደታ መዝገብ

ይድረስ ለኤሱማ፣ ለእናቴ ታላቅ ወንድም፤ አርጆ።

አካም ጅርቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እማዬ ቅቤ ይቀባው ብላለች። እኛ ነቀምቴ ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁና ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን።

እርስዎ ለትምህርት ቤቶች የሠሩት የቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ፕሮግራም ተማሪን የሚያውቀው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ሁለት ኬኔ ያደታ ነበሩት። አንዷ የፊዚክስ መጽሐፍ ይዛ ዲጋ ተዛወረች። ፕሮግራምዎ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸውና፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ኬኔ መጽሐፉን ካልመለስሽ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፈተና ካርድ አይሰጥሽም ተባለች። ነክታው የማታውቀውን መጽሐፍ! የቤተ መጻሕፍቱ ጋሽ መሸሻ፣ ኮምፒውተር አይዋሽም አሏት። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ሥር የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ኢንተርኔት ላይ ማንም እንዲያየው ክፍት ያደረጉት እርስዎ፤ ስህተት ያገኘ ይጻፍልኝ፣ ያረመም ይላክልኝ ብለው የለጠፉት እርስዎ። ጻፍኩ። ስህተቱ ምን ሲነካ እንደሚመጣ አንድ በአንድ አስረዳሁ። የአያት ስም እንዲገባ አሥራ አንድ መስመር አርሜ፣ ሌላው እንዳልተበላሸ ፈትሼ ላክሁ። መልስዎ ምን ነበር? ልጄ፣ ይህ የትልልቅ ሰው ሥራ ነው፤ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ። ሳያነቡት ዘጉት።

ኬኔ ሦስት ሳምንት በየቢሮው ደጅ አለቀሰች። ከዚያ ኢንጂነር ነመራ የሚባሉ ሰው ያንኑ አሥራ አንድ መስመር፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል፣ ላኩልዎት። በሩብ ሰዓት ተቀበሉት። እንደ እርስዎ ያለ በሳል ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር ብለውም ጻፉላቸው። ኬኔ ካርዷን ያገኘችው በመጨረሻው ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ነው። ትንሽ ቢዘገይ ዓመቷ ተቃጥሎ ነበር።

ኤሱማ፣ ከእንግዲህ የላኪውን ጺም ሳይሆን የላከውን ኮድ ያንብቡ። የሚላክን እርማት ማጽደቅ የሚችሉትም እርስዎ ብቻ መሆንዎ ይቅር። አርጆ መብራት በጠፋ ቁጥር የስንት ትምህርት ቤት ሥራ ይቆማል? ሌላም ሰው ይጨምሩ፤ ጺም ባይኖረውም።

ዕድሜ ይስጥዎት፤ ከዕድሜው ጋር ጆሮም ይጨምርልዎት። ኢንጂነር ነመራን ለእሁድ ምሳ ጋብዘዋቸዋል። አክብረው አመስግነዋል፤ መምጣት ግን አይችሉም። እሁድ የልብስ አጠባ ተራቸው ነው፤ እማዬም ብቻቸውን አርጆ ድረስ አትለቃቸውም።

የእህትዎ ልጅ፣ ጺም የሌላት ኢንጂነር፣
ከነቀምቴ