የቢር ረማድ ሕዝብ ብዛት

ጅዳ፣ ሩዋይስ
ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐሚድ ነስረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሐሚዶ፣ ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለባለቤትህ ለሰዒዳና ለሁለቱ ልጆች ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። የምጽፍልህ ስልክ ማንሳት ስለተውክ ነው። ደብዳቤውን የምታመጣልህ የጎረቤታችን ልጅ ሚስከር ናት፤ ሐሙስ ትበራለች። እጁ ላይ ሳታስቀምጪ ወደ እናትሽ ቤት እንዳትገቢ ብዬ አስምያታለሁ።

ነገሩን ታውቀዋለህ፣ ግን ልድገመው። ቀበሌ የመሬት ደብተሩን ሲያድስ የቤታችሁ ሰው ስንት ነው ብለው ጠየቁህ። አንተም አራት ነን አልክ። የእማዬ መሬት በአንተና በሰዒዳ ስም ወጣ። ይህን ከሚስከር እናት ሰምቼ ስደውልልህ ምን አልከኝ? «ዘቢባ፣ ምን አስጨነቀሽ? አንቺ እኮ የመካ ነዋሪ ነሽ። ስንቱ የሚመኘው ቦታ እየኖርሽ የሐርቡ አቧራ ምን ያደርግልሻል?» ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ወይም አንተ ዘጋኸው።

አንተ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነህ። ልጅ ሆነህ ካርታ ስትስል እርሳስህን የምቀርጽልህ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ደግሞ እኔ ላስተምርህ፣ ተቀመጥና አንብብ።

ከመገኛው እንጀምር። የኖርኩበት ቦታ ቢር ረማድ ይባላል። ካርታህ ላይ አትድከም፣ አታገኘውም። ከመካ ተነስተህ፣ ጣኢፍን አልፈህ ወደ ፀሐይ መውጫ ሦስት ሰዓት በመኪና ትሄዳለህ። ከዚያ አስፋልቱ ያልቅና አሸዋ ለአሸዋ ሌላ አንድ ሰዓት። መካ ውስጥ የኖርኩት ሃያ ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ ዛሂር የሚባል ሰፈር፣ ከፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ ፉኣድ ቤት። ሐረምን፣ ታላቁን መስጊድ፣ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም የማዳሟን ልጅ አዝዬ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ እሷ «ቶሎ በይ» እያለችኝ። በሃያ ሰባተኛው ቀን ፉኣድ «እናቴ ገጠር ብቻዋን ናት» አለና መኪና ላይ ጫነኝ። ወዴት እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።

መልክዓ ምድሩ ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል ሦስት ጥቁር የድንጋይ ኮረብቶች አሉ። ቢር ማለት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ግን ከደረቀ ቆይቷል፣ ውሃ በየአሥራ አምስት ቀኑ በቦቴ ይመጣል። ቦቴው የዘገየ ጊዜ እኔ ሳልታጠብ ፍየሎቹ ይጠጣሉ። ዝናብ በአራት ዓመት ተኩል ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግቢው መሐል ቆሜ ስበሰብስ አሮጊቷ የፉኣድ እናት አበደች ብላ ጮኸችብኝ። አላበድኩም፣ ሐሚዶ። ሐምሌ ትዝ ብሎኝ ነው።

የሕዝቡን ነገር ደግሞ ስማ። ቤቱ አሥራ አራት ነው። አሥሩ የተቆለፈ ነው፤ ባለቤቶቹ መካና ጅዳ ገብተው ለዒድ ብቻ ይመጣሉ፣ ከግመል ጋር ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። በቀሩት አራት ቤቶች ሰባት ሽማግሌና አሮጊት አሉ። እነሱን የምናነሳና የምናስቀምጥ ደግሞ እኛ ነን፤ እኔ፣ ሁለት የኢንዶኔዥያ ሴቶች፣ ግመል ጠባቂው ሱዳናዊ ሸሪፍ። አንተ ብትደምረው አሥራ አንድ ይሆንልሃል። እነሱ ሲደምሩት ግን እንደዚያ አይሆንም።

በሁለተኛው ዓመቴ ሰው ቆጣሪ መጣ። ፉኣድም የዚያን ቀን ከእናቱ ዘንድ ነበር። ቆጣሪው በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ሲለው «እናቴ ብቻዋን» አለ። እኔ ሻይ ይዤ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ቆጣሪው አየኝና «ይቺስ?» ሲል «ይቺ የመካ ናት፤ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማዋ፣ የመካ ነው፣ እዚያ ትቆጠራለች» አለው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ከወር በኋላ የፉኣድ ሚስት ሰሐር አማቷን ልትጠይቅ ስትደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። «ማዳም፣ እዚያ ቆጥራችሁኛል?» አልኳት። «አንቺ ገጠር እያለሽ እንዴት እንቆጥርሻለን? ያላ፣ ሥራሽን ሥሪ!» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ወላሂ ሳቅኩ። ግድ የለም፣ እኔን የምትቆጥር አንድ ቤት አለችኝ፣ እሷም ሐርቡ ናት አልኩ።

አጥፍተሃል ስልህ የራሴንም ልናገር። መካ ነኝ የሚለውን ወሬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የት ነሽ ስትለኝ በረሃ መሐል ከማላውቃት አሮጊት ጋር ነኝ ብላት እንቅልፍ እንደማይወስዳት አውቅ ነበር። መካ ነኝ ስላት ደስ አላት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች፤ «የመካዋ» ተባልኩ። ለአንተ ግን እውነቱን ነግሬሃለሁ። ቆጣሪው በመጣበት ዓመት ደውዬ፣ አልቅሼ ነግሬሃለሁ። እሷ እንዳትሰማ አደራ ብልህ እሺ ብለኸኛል። አደራዬን ጠብቀሃል፣ አልዋሽም። ከሷ ሞት በኋላም ጠበቅከው፤ ቀበሌ ፊት ቀርበህ ጠበቅከው። ለእማዬ እንቅልፍ ብዬ በነገርኳት ውሸት አንተ መሬት ትወስድበታለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አሮጊቷ በሐምሌ ሞተች። ገላዋን ያጠብናት እኔና ኢንዶኔዥያዎቹ ነን። ልጆቿ መጡ፣ ቀበሩ፣ ቤቱን ቆለፉ። ፉኣድ ጅዳ ድረስ አምጥቶ ሩዋይስ መንገድ ዳር አወረደኝ። «ኸላስ፣ ሥራው አለቀ» አለኝ። ኢቃማዬን ካላሳደሰው ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ከዘጠኝ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ሚስከርንም ያገኘኋት እዚሁ ነው። ወረቀት ለሌለን የተሰጠው ምሕረት በዚህ ወር ያልቃል። ስለዚህ ልመጣ ነው።

ትናንት የመመለሻውን ፎርም ልሞላ ሄድኩ። ጸሐፊው ውብሸት የሚባል ያገራችን ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። «እኅቴ፣ አገር ቤት ቤተሰባችሁ ስንት ነው?» አለኝ። «አራት» አልኩት። አንተ፣ ሰዒዳ፣ ሁለቱ ልጆች። ጻፈው። ወረቀቴን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ ቁጥሩን መልሼ አየሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ አንተን ስረግም ቆይቼ፣ እኔም በገዛ አፌ ራሴን ተውኩት። ሰልፉን ጥሼ ተመለስኩ፤ ሴቶቹ ሰደቡኝ። «አምስት በለው» አልኩት። «አምስተኛው ማነው?» ሲለኝ «እኔ» አልኩት። ሰርዞ ጻፈ።

ደብተሩን ሳልመጣ አስተካክለው፣ ወንድሜ። ካላስተካከልከውም እመጣለሁ። ቀበሌ አልሄድም፣ ሽማግሌም አልሰበስብብህም። የእማዬ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ልጆችህ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «አባዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?» ይሉሃል። የምትመልስላቸውን ከአሁኑ አስብበት።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ያድርጋቸው።

እኅትህ
ዘቢባ ነስረዲን