ዘውዱ ከመኪናው የወረደ ዕለት

ለምወድሽ እህቴ ለዓለምወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱን እንዴት ተወጣሽው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? የባለቤትሽ የጋሼ ፍቅሬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? የጓሮው በቆሎ ዘንድሮ ያዘላችሁ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ብርዱ ገና ሳይጠና ጆሮዬን መሸፈን ስለ ጀመርኩ ልጄ መሰረት ትስቅብኛለች።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ልጅሽ ስለ ዘውዱ፣ ለምን መጻፍ ተወ፣ ረሳኝ እንዴ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልረሳሽም፤ ቀኝ እጁ ተሰብሮ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ነገሩ ሲያልቅ ከነፍርዱ ልጽፍልሽ አስቤ ነው። አላለቀም፤ እንደሚያልቅም እንጃ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በሰኔ ወር ከሥራ ሲመለስ፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለ ጎረቤት አውራጃ ፖሊስ አስቆመው። የመኪናው የኋላ መብራት ተቃጥሎ ኖሯል። ዘውዱም ሹም በእግሩ እየመጣ ተቀምጦ መጠበቅ ነውር መሰለውና ፈጥኖ ወረደ፤ ኮፍያውን አውልቆ እጅ እየነሣ ሊቀበለው ሄደ። እዚህ አገር ግን ፖሊስ ያስቆመው ሰው ሁለት እጁ እንዲታይ አድርጎ ይጠብቃል እንጂ ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም፤ የወረደ ሊያጠቃ እንደ መጣ ይቆጠራል። ፖሊሱ ጮኸበት። ዘውዱ አክብሮቱ ያነሰ መስሎት ይብስ ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው አፉ ውስጥ የገባውን አፈር ነው። ፖሊሱና ባልደረባው ሁለት ሆነው እጁን ወደ ኋላ ሲጠመዝዙት አንጓው ላይ ተሰበረ።

አቤቱታዬን ለዚያው አውራጃ ሸሪፍ ጻፍኩ። ሸሪፍ የሚሉት ሕዝብ በድምፁ የሚመርጠው የፖሊስ አዛዥ ነው። "መርምረናል፣ ጥፋት አላገኘንም" የሚል መልስ መጣ። ማን መረመረ ብዬ ብጠይቅ የዚያው ፖሊስ የቅርብ አለቃ ሆኖ ተገኘ። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ተማሪ የራሱን ፈተና ሲያርም አላየሁም።

ለካ የተማረርነው እኛ ብቻ አልነበርንም። የአገሩ ሰዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ቢሮው ይታረም ብለው ተነሥተዋል። አቤቱታን ከቢሮው ውጭ ያሉ ሰዎች ይዩት፣ ፖሊሶቹም የሰው አያያዝ እንደገና ይማሩ ይላሉ። በመስከረም የአውራጃው ምክር ቤት ስብሰባ ጠራና እኔም ልናገር ተመዘገብኩ። ንግግሬን በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ አርሜ፣ ገልብጬ ያዝኩ። መሰረት መኪና እየነዳች "አባዬ፣ ሾርት አድርገው፤ ታይም አይሰጡህም" እያለች መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቀችኝ።

ተራዬ ደረሰ። ሰው ደጅ ተገብቶ ጉዳይ በቀጥታ አይጀመርምና ሰብሳቢዋን፣ ሹማምንቱን፣ ሸሪፉንም ራሱን በየማዕረጋቸው እጅ ነሣሁ። ለቤተሰባቸው ጤና ተመኘሁ፤ ስላስጠጉን የአገሩን ሕዝብ አመሰገንኩ። "የእህቴ ልጅ ዘውዱ" ከማለቴ ደወል ተደወለ። ሰብሳቢዋ ሰዓትዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን አለችኝ። መሰረት ከኋላ በእንግሊዝኛ "ገና መጀመሩ ነው!" ብላ ጮኸች። ሸሪፉ ፈገግ ብሎ አጨበጨበልኝ። የልጅሽ ስም ተጠርቶ የእጁ ነገር ሳይነሣ ቀረ።

በመጨረሻም ሹማምንቱ፣ ሸሪፉ በሕዝብ የተመረጠ ስለሆነ ልናዘው አንችልም፣ ነገሩ ይጠና ብለው ተበተኑ። እየተመላለስኩ እጠይቃለሁ፤ እናሳውቅዎታለን ይሉኛል። ሸሪፉን በምርጫ እንዳንሽረው እኛ ዜጋ አይደለንም፤ ድምፅ የለንም። ከዚህ ወዲያ የማንኳኳው በር አላውቅም፣ እህቴ።

የዘውዱ እጅ ገጥሟል፤ ብዕር ግን አይጨብጥለትም። በሰው እጅ ብጽፍላት ትደነግጣለች እያለ ነው የቆየው። ባለፈው እሑድ ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቱ ጎራ አልኩ። እኔ ስገባ ብድግ የሚል ልጅ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ኧረ ተቀመጥ እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ያን ቀን አልተነሣም። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዲታዩ ዘርግቶ፣ እንደ ተቀመጠ "ደህና ዋሉ ጋሼ" አለኝ። እኔም ቆሜ ቆየሁና ተቀመጥኩ።

ጋሼ ፍቅሬን እጅ ነሥቶዎታል በዪልኝ። ሰርካዲስን ጉንጯን ሳሚልኝ። ንጉሤ በትምህርቱ ይበርታ። መምሬ ሀብተማርያም የዘውዱን የክርስትና ስም ያውቁታልና በጸሎት ያስቡት። መሰረት እጅሽን ስማለች። ዘውዱም ደህና ነው በላት ብሎኛል።

ወንድምሽ ገብረየስ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.