ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት እሑድ

ሐሙስ
ግርማ በድሎኛል። ሽማግሌ ሳይልክ ልጄን አልማዝን አገባት። መፈራረማቸውን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ዓመት ከመንፈቅ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ዛሬ አልማዝ የአሥራ ሁለት ቀን ሕፃን አቅፋ በሬ ላይ ቆመች። ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ አሰብ ወርዷል፤ እናቷ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። «አባባ፣ ብቻዬን አልቻልኩም» አለችኝ። መደቡን ለቀቅሁላት። ሕፃኗን ግን አላየኋትም።

ሰማኋት እንጂ። ጡጫ ከምታክል ደረት ያ ሁሉ ድምፅ ከየት ይወጣል?

ዓርብ
ለሰኞ አሥራ ሁለት የተማሪ ሸሚዝ አለብኝ። አንድ አንገትጌ ገልብጬ ሰፋሁ። በዚህ ዕድሜዬ!
ገንፎ አገነፋሁ፣ ጓጎለ። አልማዝ እየሳቀች በላችው።
የሕፃኗን ጨርቅ ሳጥብ እትዬ ዘነበች በአጥር አየችኝ። «ጋሽ ተሰማ! ኧረ ፎቶ አንሺ ጥሩልኝ!»
«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።
ያለ አስተማሪ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። የዚህችን ልቅሶ ማንበብ ግን አቃተኝ። ጠግባም ታለቅሳለች።

ቅዳሜ
ቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ልቅሶዋ ጆሮዬ ላይ መጣ። እዚያ ድረስ ሊሰማ አይችልም። ስኳሬን ተቀብዬ እንደ ጎረምሳ ሮጥኩ።
ተኝታለች። ዝምታዋ ይባስ አስፈራኝ። እጄን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁ፤ ትተነፍሳለች። ጣቴን ያዘችኝ። ያን ጊዜ አየኋት። ጥፍር፣ ሽፋሽፍት፣ የጆሮ ጠርዝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰፍቻለሁ፤ መገጣጠሚያው የማይታይ ሥራ ያየሁት ዛሬ ነው።

ግርማ ተመልሷል። ነገ ሽማግሌ ይልካል አሉ። «አሁን ነው ትዝ ያለው? አባርራቸዋለሁ» አልኩ።
«እንግዲያው እኔም ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» አለች አልማዝ። እልኳ የእኔ ነው።
የምናገረውን በልብስ መቁረጫ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ጠንካራ ናቸው።

እሑድ
ሦስት ሆነው መጡ። ሕፃኗ ከንጋት ጀምራ ስታለቅስ ቆይታ ገና ደረቴ ላይ ዓይኗን መክደኗ ነበር። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ስለዚህ ቆሙ። ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሽ ተሰማ! ልጃችን አጥፍቷል!» ብሎ ቤቱን አናጋው። የሕፃኗ ከንፈር ተንቀጠቀጠ።
«ኧረ ቁጭ በሉ! ቀስ ብላችሁ!» አልኩ።
ተያዩ። ሦስቱም ተቀመጡ።
ያልኩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹን መልሼ ላስነሳ ብል መጮህ ነበረብኝ። ሕፃኗ በረጅሙ ተነፈሰች።
«ቃልዎን እናውቃለን፤ አይታጠፍም» አለ ሽማግሌው በሹክሹክታ። እውነቱን ነው። ቃሌን አጥፌ አላውቅም።
ግርማ ገብቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። «ቀስ፣ ትነቃለች» አልኩት። ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ማታ የጻፍኩበትን ወረቀት ለሕፃኗ ሸሚዝ ልክ አድርጌ ቆረጥኩት። እጅጌው ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይበልጥም።
ያ በደል ተፈጽሟል፣ አልክድም። ከዛሬ ወዲያ ግን አላነሳውም። እዚህ ደብተር ላይም ቢሆን።