ከፀሐይ የመጣ ሰው አይገባም

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሲፈን ሽፍታ ወጣባት።

አምስት ወሯ ነው። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ነው የሚሰጠው፤ እኛ በጥናታችን ቀደም ቢል ይሠራ እንደሆነ እየሞከርን ነው። ከለቡ ጀርባ ካሉት የገበሬ ቤቶች የመጀመሪያዋ ተከታቢ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ ወጋኋት። ሽፍታው ከክትባቱ ከሆነ ቀላል ነው፣ በራሱ ይጠፋል። ግን ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። እውነተኛው ከሆነስ?

ማክሰኞ

ሄድኩ። መስኮቱ በጋቢ ተጋርዷል። አያቷ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም። ነካካሽው፣ ተቆጣ።»

«አዴ፣ ልያት ብቻ።»

«ከፀሐይ መጥተሽ? ልትገድያት ነው?»

እናትየዋ ለሊሴ ከውስጥ ታባብላለች። ሕፃኗ ስታስል ሰማሁ።

ጥናቱን ለሚመራው ዶክተር ደወልኩ። «እነሱ ከጥናቱ ከወጡ ሌሎቹም እናቶች ይወጣሉ» አለኝ። የማላውቀውን አልነገረኝም።

ረቡዕ

ከፀሐይ የመጣ ሰው እስኪበርድለት ውጭ ይቆያል። ኩፍኝ ያለበት ቤት ሕግ ነው። ቦርሳዬን ጤና ጣቢያ ትቼ፣ የጉሮሮ መጥረጊያ ጥጥና ብልቃጥ ብቻ ይዤ፣ ከጭድ ክምሩ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። አዴ ወጣ እያሉ ያዩኛል።

«ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ሥራዬ እዚህ ነው።»

«መርፌስ?»

ኪሴን ገልብጬ አሳየኋቸው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግንባሬን በመዳፋቸው ነኩ። «በርዶልሻል፤ ግቢ።»

ገባሁ! ትኩሳት አላት፣ ጡት ግን ትጠባለች። ለሊሴን አስፈቅጄ ጉሮሮዋን በጥጥ ጠረግሁ። ነከሰችኝ፤ በድዷ። ለሊሴ ሳቀች።

ሐሙስ

ጥጡ ላብራቶሪ ገባ። ሽፍታው ከክትባቱ ይሁን ከሰፈሩ ኩፍኝ፣ ነገ ይለያል ይላሉ። ደወልኩ፤ ደግሜ ደወልኩ። «ሲስተር፣ ስለደወልሽ ቶሎ አይደርስም» አለኝ ባለሙያው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ታክሲ ውስጥ ነኝ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ መንገዱ ሁሉ ጭስ።

ሀይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሽንኩርት እያስመዘንኩ ስልኩ ጮኸ፤ ላብራቶሪው ነው። ሽፍታው ከክትባቱ ነው። ኩፍኝ አይደለም።

የሚቀረው የደም ምርመራው ነው። ክትባቱ በአምስት ወር መሥራቱን የሚነግረን እሱ ነው፤ ደም ደግሞ ያለ መርፌ አይቀዳም።

ለለሊሴ ደውዬ ነገርኳት። ለአማቷ በኦሮምኛ ስታስረዳ ሰማሁ። ከዚያ አዴ ራሳቸው ስልኩን ያዙ።

«ደም የሚቀዳው መርፌ ትልቅ ነው?»

«ትንሽ ነው፣ አዴ።»

«አምጪውና ልየው።»

ልየው አሉ እንጂ እሺ አላሉም። ሽንኩርቱን ሚዛኑ ላይ ትቼ፣ መርፌውን ከጤና ጣቢያ ላመጣ ወጣሁ። ባለሱቁ ከኋላዬ «እትዬ፣ ልጠቅልለው ወይስ ልመልሰው?» ይላል። እኔ ታክሲ አስቆምኩ።