የአሚራ አስራ አንድ ካሴቶች

የካቲት 3 ቀን 1996

እንደ ሌላው ቀን ነው። ጠዋት ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ሬዲዮ ጠገንኩ። ሦስተኛው የማይሆን ነበር፤ ባለቤቱ ግን "ነፍስ አለው" ብሎ ሙጭጭ አለ። "ነፍስ ካለውማ ሸህ ቁርአን ይቅሩበት፤ እኔ ዘንድ ምን አመጣው?" አልኩት። ጎረቤቴ አራጋው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "ወላሂ አንተ ሰውዬ፣ የሰው ዕቃ ላይ ትቀልዳለህ" አለ። ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ በማለት ከእኔ ይበልጣል።

ከሰዓት ከጅዳ የተመለሰች የወግዲ ሴት ከእህቴ ከአሚራ ካርቶን አመጣችልኝ። ለአሚራ ልጅ ለሰልሰቢል ጫማና ሁለት ሂጃብ። ለባለቤቴ ለራሕማ ሽቶ። ከሥር ደግሞ አንድ አሮጌ የቴሌቪዥን ጌም... አሚራ በደብዳቤዋ "አታሪ" ትለዋለች። የምትሠራበት ቤት ልጆች አድገው የጣሉት ነው። አንድ እጀታ፣ አንድ ቀይ ቁልፍ፣ አስራ አንድ ካሴት። ካሴቱ እንደ ዘፈን ካሴት አይደለም። ወፍራም ጥቁር ሳጥን ሆኖ ውስጡ ቦርድ አለው።

ደብዳቤው ግን... ነገ።

የካቲት 4

ደግሜ አነበብኩት። "ወንድሜ፣ ዘንድሮ እመጣለሁ ያልኩት አልሆነም። ኮንትራቱን ሁለት ዓመት አስረዝሜአለሁ። ለሰልሰቢል አንተ ንገርልኝ። አንተ ጨዋታ ታውቃለህ፣ አለስልሰህ ንገራት። አማና።"

አማና ብላለች፤ አደራዋን ጥላብኛለች። ሌላ ሰው አጣች?

ሰልሰቢል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ፣ እናቷም ከሄደች ሦስት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ናት። ራሕማ "ምን ትላለች አሚራ?" ስትለኝ "ደህና ናት፣ ሰላም ትላለች" አልኩ። ደብዳቤውን መበየጃዬን ከማስቀምጥበት ሳጥን ከተትኩ።

ለሰልሰቢል ዛሬም አልነገርኳትም። ጌሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ሳስር ዋልኩ። ማን አስተማረኝ? ማንም። ሬዲዮንም ማንም አላስተማረኝም። የጣቢያ መፈለጊያውን እያዞርኩ ሳለ ድንገት ከጭጋጉ ውስጥ ምስል ብቅ አለ። ሰልሰቢል አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

የካቲት 6

የካሴቶቹ ወረቀት ተልጧል። ስም የላቸውም። ስለዚህ እኔና ሰልሰቢል ስም አወጣንላቸው። በመስመር ተሰልፈው ከሰማይ የሚወርዱትን "አንበጣው" አልነው። መንገድ የምታቋርጠውን እንቁራሪት "ደሴ የገባ ገበሬ"... ይሄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነጠብጣብ የሚለቅመውን "ሆዳሙ"። ገደል ለገደል የሚዘለው "የአቀስታ ፍየል" ሆነ። አንዱ ኳስ እያነጠሩ ግድግዳ ማፍረስ ነው፤ አራጋው እሱን ብቻ ይወዳል። "ይሄ ሥራ ነው፤ ሌላው ዕብደት ነው" ይላል።

አንዱ ካሴት ላይ ሁለት ታንክ ይተኳኮሳል። ራሕማ ከበሩ ሆና "እሱን አጥፉልኝ፣ በቃኝ" አለች። አጠፋነው። እሷ በጦርነቱ ዘመን ያየችውን እኔ እያወቅሁ... ምን ነካኝ?

ሳቃችን ግቢውን ሞላው። ደብዳቤው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

የካቲት 9

ዛሬ የሠራሁትን ለራሴም መጻፍ ያሳፍረኛል።

ሰልሰቢል "አንበጣው"ን እየተጫወተች ዓይኗን ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

"አጎቴ፣ እማ በአረፋ ነው የምትመጣ አላልክም? አረፋ አለፈ እኮ።"

ይሄኔ ነበር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ምን አልኩ?

"እነዚህን አስራ አንድ ካሴቶች ስትጨርሺ ትመጣለች።"

"ትቀልዳለህ።"

"አልቀልድም።"

"ወላሂ በል።"

ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ፊቷን አየሁ። "ወላሂ" አልኩ።

ልጅቱ ማመኗ አይገርምም። ሸህ አብዱሰላም ዘንድ ቁርአን ትቀራለች። እዚያ ልጅ ሲያኸትም፣ ቁርአኑን ቀርቶ ሲጨርስ፣ ወላጅ ከያለበት በግ ይዞ ይመጣል፤ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል። አምና ዒምራን የሚባለው ልጅ ሲያኸትም አባቱ ከሱዳን ድረስ መጥቷል። ለሷ መጨረስ ማለት ወላጅ የሚመጣበት ቀን ማለት ነው። ይሄንን እያወቅሁ ነው የማልኩት።

የካቲት 15

እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ሱቅ ዘግቼ ቤት ገባሁ። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ቢያንስ ልቀድማት፣ መጨረሻቸውን ልይ ብዬ።

መጨረሻ የላቸውም።

አንበጣው አለቀ ስትል ሌላ አንበጣ ይወርዳል፣ ይፈጥናል። ሆዳሙ ለቅሞ ሲጨርስ ያው ማሳ እንደገና ይዘራል። ፍየሉ ገደል ከዘለለ ሌላ ገደል አለ። እስክትሞት ነው የምትጫወተው። የሠራቸው ሰው መሞቻ እንጂ መድረሻ አላበጀላቸውም።

መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልጻፍ? እፎይ አልኩ። አትጨርስም፣ እኔም አልጋለጥም፣ ሁለት ዓመቱ እንዲሁ ያልቃል አልኩ። ከዚያ የራሴን ሐሳብ ሰማሁት። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ጥቁሩ መስታወት ላይ ፊቴ ታየኝ። ዞር አልኩ።

የካቲት 23

ሱቅ ድረስ ሮጣ መጣች። ጫማ በትክክል አላደረገችም።

"አጎቴ፣ አንበጣው አለቀ።"

"እንዴት አለቀ?"

"ቁጥሩ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ደረሰ። ከዚያ ወደ ዜሮ ተመለሰ። እኛም ስናኸትም እንደገና ከፋቲሓ ነው የምንጀምር።"

ቁጥሩ አራት ቤት ብቻ ስላለው ነው የዞረው። ታዲያ ምን ልበላት? አራጋው መቀሱን አስቀምጦ "ማሻአላህ፣ ጎበዝ" አላት። እኔ ሬዲዮ ውስጥ ጭንቅላቴን ከተትኩ።

መጋቢት 4

ስድስት "ጨርሳለች"። ቁጥሩ የማይዞርበትን ደግሞ እሷ ራሷ ልክ አበጅታለታለች፤ ሳትሞት መቶ ጊዜ መንገድ ማቋረጥ።

ራሕማ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። "የልጅቱን አውራ ጣት አይተኸዋል?" ውኃ ቋጥሯል። "ቁርአኗም ወደኋላ ቀርቷል፣ ሸህ ልከውብኛል። ምን ብለሃት ነው?"

"ልጅ አይደለች፣ ጨዋታ ወደደች።"

"አንተ ሰውዬ፣ ስትዋሽ ጆሮህን ታሻለህ።"

እጄን ከጆሮዬ አወረድኩ።

መጋቢት 11

አስር ጨረሰች፤ የታንኩንም ራሕማ ሳትኖር። የቀረው የአራጋው ግድግዳ ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ካሴቱን ፈታሁት። ቦርዱ ላይ አንዷን ቀጭን መስመር በምላጭ ቆረጥኳት። መልሼ ገጠምኩት። ሃያ ዓመት የተሰበረ ስጠግን ኖሬ ዛሬ ደህናውን ሰበርኩ።

መጋቢት 12

ካሴቱን በነጠላ ጠቅልላ ሱቅ አመጣችልኝ። እንደ ታመመ ጫጩት ይዛዋለች።

"አጎቴ፣ ይሄ እንቢ አለ። ግን አብሽር፣ አንተ እኮ ትሠራዋለህ።"

"አብሽር" ብላ የምታጽናናው እኔን ነው።

አጠገቤ ተቀመጠች። ፈታሁት። ነካካሁ፣ አሞቅሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ የማያስፈልግ ቦታ ሁሉ መረመርኩ። የቆረጥኩት መስመር ፊት ለፊቴ ነው። እሷ ትንፋሿን ይዛ ታያለች። "ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል" አልኳት። "እጠብቃለሁ" አለች። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ጠበቀች።

ስትሄድ አራጋው መርፌውን ልብሱ ላይ ሰክቶ ረጅም ጊዜ አየኝ። "ሙሐሲን፣ አንተ ያልሠራኸው ሬዲዮ አለ? ይቺ ቁራጭ ቦርድ አቃተችህ?"

መጋቢት 13

ሸህ አብዱሰላም ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው፣

"አውቀህ ነው ወላሂ ያልከው?" አሉኝ።

"አውቄ ነው።"

"ከፋራ አለብህ፣ የመሐላ ካሳ። አስር ሚስኪን ታበላለህ።"

"ሸህዬ፣ ሦስት ቀን ብፆምስ?" አልኳቸው።

"ፆም ለሌለው ነው። አንተ ደልቶህ አይደል እንዴ ያለኸው።" ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ግን ተዉት። "ስማኝ ልጄ። ማብላቱም ተውበቱም የአላህ ሐቅ ነው። የልጅቱ ሐቅ ሌላ ነው። እሱን ሚስኪን በልቶ አያወርድልህም።"

ተሰናብቻቸው ወጣሁ። ከቀላሉ እጀምራለሁ አልኩ። ከቀላሉ...

መጋቢት 16

አበላን። አስር ሰው ግቢ ተቀመጠ። ራሕማ "የምን ነው ድግሱ?" ስትል "ሰደቃ ነው" አልኩ። የውሸቴ ከፋራ ላይ ሌላ ውሸት ደረብኩ። ሰልሰቢል ውኃ ታስታጥባለች፣ ሳህን ታቀርባለች፣ ፊቷ በርቷል። ጠባይዋ አስደሰተኝ። ለምን እንደበራ አልጠየቅሁም።

እንግዳው ሲሄድ የለችም። ሸህ ዘንድ የለችም። አራጋው "አዲሱን ጫማዋን አድርጋ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ አይቻታለሁ" አለኝ። እግሬ ቀድሞኝ ሄደ።

መናኸሪያው ግንብ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ የላከችላት ሂጃብ፣ እናቷ የላከችላት ጫማ።

"የደሴው አውቶቡስ አልገባም" አለችኝ።

"ማንን ትጠብቂያለሽ?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "እማን ነዋ። ግድግዳው የተበላሸው በኔ ጥፋት አይደለም፣ አላህ ያውቃል። ድግሱን ስትጀምር ደግሞ ገባኝ። ሳትነግረኝ ልታስደንቀኝ ነው።"

ድግሱ ለኸትም፣ ለመጨረሷ መስሏት ነው። የእኔን ከፋራ የእናቷ መምጫ ድግስ አደረገችው። ሳህን ስታቀርብ ፊቷ የበራው ለዚያ ነበር...

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ደብዳቤው ከካርቶኑ ጋር እንደመጣ። ሁለት ዓመት እንደተጨመረ። ካሴቶቹ መጨረሻ እንደሌላቸው። ወላሂ ያልኩት በውሸት እንደሆነ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። ቀልድ ከወጣለት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር ለካ።

አላለቀሰችም። "ካሴቱንስ?" አለች።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"ስጠብቅህ እያየኸኝ?"

"አዎ።"

አውቶቡሱ ገባ። ሰው ወረደ። ሁሉንም ነግሬአት እንኳ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ፣ ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ አየች። ከዚያ ተነሥታ ፊት ፊቴ ወደ ቤት ሄደች። አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

ማታ ለራሕማም ነገርኳት።

መጋቢት 17

ሰልሰቢል አላናገረችኝም።

መጋቢት 18

አላናገረችኝም። ሱቅ አንድ ደንበኛ "ምነው ሙሐሲን፣ ዛሬ ጨዋታ የለም?" አለኝ። አራጋው መለሰልኝ፦ "ጥገና ላይ ነው።"

መጋቢት 20

መስመሯን በየድኳት። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ካሴቱን ሰልሰቢል አልጋ ላይ አስቀመጥኩ። "ተሠርቷል፤ ደግሞ ስለ እናትሽ አይደለም፣ እንዲሁ ለመጫወት" አልኳት። "እሺ" አለች። አልነካችውም።

መጋቢት 27

ዛሬ የስልክ ቀጠሮ ስላለ ቴሌ ሄድን። አሚራ ከጅዳ ደወለች። ቁጥር ሁለት ሳጥን ገባን፤ ሰልሰቢል ስልኩን ይዛ፣ እኔ በሩን ይዤ። የአሚራ ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል።

"የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ፣ በቅርብ ነው የምመጣ..."

"እማ።"

"ወዬ።"

"በቅርብ አትበይ። ቁርጡን ንገሪኝ።"

ከዚያ አሚራ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እያለቀሰች "ሁለት ዓመት ነው ልጄ" አለች። ሰልሰቢል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እሺ። ሁለት ዓመት እችላለሁ። የማልችለው ሳላውቅ መጠበቅ ነው" አለች።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይሄንን ማን አስተማራት? እኔ ነኝ... በምን መንገድ እንዳስተማርኳት ደግሞ አላህ ያየዋል።

ስልኩን ሰጠችኝ። አሚራ "አማና ብዬህ አልነበር?" አለች። "ብለሽኝ ነበር" አልኩ።

ሚያዝያ 9

ካሴቶቹን ለሠፈሩ ልጆች አወጣቻቸው። አሁን ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው ይጫወታሉ። እሷ ተራ ታስጠብቃለች። አንዱ "ሰልሱ፣ ይሄ መቼ ነው የሚያልቅ?" ሲላት "አያልቅም። ሲደክምህ ታቆማለህ" አለችው። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰማሁ።

ታናግረኛለች። በልክ ነው። ጨው አቀብለኝ፣ ራሕማ ትጠራሃለች፣ እንደዚህ።

ሚያዝያ 21

ከሰዓት በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣች።

"አጎቴ፣ ነገ ትምህርት አለ?"

የዱሮው ሙሐሲን ቢሆን የለም፣ መምህሩ በግ ጠፍቶበት ፍለጋ ወጥቷል ይላት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

"አለ" አልኳት።

ወደ ጓዳ ገባች። ቀስ ብላ ስትናገር ሰማኋት፦ "አክስቴ፣ ነገ ትምህርት አለ?"

ልክ ናት። አልተቀየምኩም። ሐቋ ነው። ስንት ጊዜ እንደዚህ እንደምታረጋግጥ አላውቅም፤ አንድ ዓመትም ይሁን። እኔ የምችለው በየቀኑ ያለውን መናገር ነው።

"አለ" አለች ራሕማ።

ሰልሰቢል ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ ከኔ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች።